ወርቅና ወተት፦ የኦክሲቴትራሳይክሊን ቅሪትን በቀለም ለመለየት የተሠራ ሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ፦ መድኃኒቱና ዘዴው

ይህ ማስታወሻ ወተት ውስጥ የሚቀረውን ኦክሲቴትራሳይክሊን በወርቅ ናኖ ቅንጣቶች (በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ የወርቅ ብናኞች) የቀለም ለውጥ ለመለየት የጀመርኩትን ሥራ ከመነሻው ጀምሮ ይይዛል። ሥራው የሚካሄደው አዲስ አበባ በሚገኝ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ የወተቱ ናሙና የሚመጣው ከሱሉልታና ከቢሾፍቱ አካባቢ ነው። ይህን መድኃኒት የመረጥኩት በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ውስጥ፣ ከፔኒሲሊንና ከስትሬፕቶማይሲን ቅልቅል ጋር፣ በጣም ከተለመዱት አንቲባዮቲኮች አንዱ ስለሆነ ነው። ባለ 10 ወይም ባለ 20 በመቶው መርፌ ለሳንባ ምችም፣ ለጡት በሽታም፣ ለሰኮና ቁስልም ይሰጣል። መድኃኒቱን የተወጋች ላም ወተት፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ለምግብ መዋል የለበትም። ይሁን እንጂ የዕለት ገቢው በሁለትና በሦስት ላሞች ላይ ለቆመ ቤተሰብ ወተት መድፋት ከባድ ኪሳራ ነው፤ ወተቱም ወደ መሰብሰቢያ ጣቢያው ሲደርስ ከሌላው ጋር ስለሚቀላቀል፣ ከዚያ በኋላ የማን ላም ታክማ እንደነበር ማወቅ አይቻልም። መመርመር ያለበት ከመቀላቀሉ በፊት ነው፤ የዚህ ሥራ ፍላጎትም ይኸው ነው።

ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለቴትራሳይክሊን ቤተሰብ በወተት ውስጥ የፈቀደው ጣሪያ በሊትር 100 ማይክሮግራም ነው። የኦክሲቴትራሳይክሊን ሞለኪውላዊ ክብደት 460 ገደማ ስለሆነ ይህ መጠን ወደ 217 ናኖሞላር (በአንድ ሊትር ውስጥ ያለውን የሞለኪውል ብዛት መለኪያ) ይመጣል። ከዚህ ቁጥር በታች ያለውን ከእሱ በላይ ካለው በእርግጠኝነት መለየት ካልቻልኩ፣ የቀለሙ ለውጥ የቱንም ያህል ቢያምር ለማንም አይጠቅምም።

ቅሪቱ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይታይም። አነስተኛ መጠን ያለው መድኃኒት አንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ጨርሶ አይገድላቸውም፤ መድኃኒቱን የተለማመዱት ተለይተው እንዲበዙ ግን መንገድ ይከፍታል። ፈጥኖ የሚታየው ጉዳት የሚደርሰው በወተት አቀነባባሪዎች ላይ ነው፤ እርጎ የሚያረጉት ባክቴሪያዎች መድኃኒት ባለበት ወተት ውስጥ ስለማይራቡ ወተቱ ሳይረጋ ይውላል።

መለያ ዘዴ ጠፍቶ አይደለም። ሊኩዊድ ክሮማቶግራፊን ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር ያጣመረው መሣሪያ የመጨረሻውን ቃል ይናገራል፤ ግን ውድ ነው፣ የሠለጠነ ሰውና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። ጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ የተባለውን ባክቴሪያ በማሳደግ የሚሠራው ምርመራ ቀላል ቢሆንም፣ ባክቴሪያው ለፔኒሲሊን ያለውን ያህል ለቴትራሳይክሊን ስሜታዊ አይደለም። ከውጭ የሚመጡት የወረቀት ጭረቶች ጥሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ላይ የምትታየው ቀይ መስመር ራሷ የወርቅ ናኖ ቅንጣት ናት። እኔ የምሞክረው ይህንኑ ወርቅ ያለ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ)፣ አፕታመር በሚባል አጭር የዲኤንኤ ፈትል አማካይነት፣ እዚሁ በምንሠራው ብጥብጥ መጠቀም ነው።

ጥቅምት አጋማሽ፦ ወርቁን መሥራት

ማይክል ፋራዴይ በ1857 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ቀይ የወርቅ ብጥብጥ ሠርቶ ቀለሙ የመጣው ከወርቁ ቅንጣቶች ደቃቅነት መሆኑን አስረድቶ ነበር። እኔ የምከተለው ግን ቱርኬቪች በ1951 ያወጣውንና ፍሬንስ በ1973 ያሻሻለውን መንገድ ነው፤ የወርቅ ጨው በፈላ ውሃ ውስጥ በሶዲየም ሲትሬት ይቀነሳል (ማለትም ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወደ ንጥር ወርቅ ይለወጣል)፣ ሲትሬቱ ደግሞ በተፈጠሩት ቅንጣቶች ላይ ተለጥፎ አሉታዊ ሙል ያለብሳቸዋል፣ ስለዚህም እርስ በርስ ይገፋፋሉ እንጂ አይያያዙም።

ከሁሉ በፊት ብርጭቆው መታጠብ አለበት። ፍላስኩንና የማግኔቱን ማማሰያ በአኳ ሬጂያ፣ ማለትም በሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክና በአንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ ቅልቅል አጠብኳቸው፤ ከዚያም ከአዮን በጸዳ ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅኳቸው። ይህ አሲድ ጋዝ ስለሚያወጣ በተዘጋ ጠርሙስ አይቀመጥም፤ በጭስ መሳቢያው ሥር ተዘጋጅቶ፣ ሥራው ሲያልቅ ተቀጥኖና አሲድነቱ ተገድሎ ይወገዳል። የወርቁን ጨው ደግሞ በብረት ማንኪያ መንካት አይገባም፤ ጨው ከብረቱ ጋር ወዲያው ስለሚዋሃድ ማንኪያውም ጨውም ይበላሻሉ። እርጥበትም ስለሚስብ የፕላስቲክ ማንኪያ ይዤ በፍጥነት መመዘን ነበረብኝ።

የወርቁ ጨው 39.4 ሚሊግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲሟሟ 1 ሚሊሞላር ይሆናል። ሲትሬቱ 114 ሚሊግራም ሲሆን በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ለብቻው ይዘጋጃል። የታተሙት መመሪያዎች ሁሉ «የሚፈላ ውሃ» ይላሉ፤ የሚያስቡትም በባሕር ጠለል ደረጃ የሚፈላውን 100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የወርቁ ቅነሳ በዚህም ሙቀት ይካሄዳል፤ ከመመሪያው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ግን ይወስዳል፤ በመሆኑም በደቂቃ ሳይሆን በቀለሙ መመራት ይሻላል። በፍላስኩ አፍ ላይ ማቀዝቀዣ ቱቦ ገጥሜ እንፋሎቱ እንዲመለስ አደረግኩ፤ ያለዚያ ውሃው እየተነነ የብጥብጡ መጠን ይቀየራል።

ሲትሬቱ በአንድ ጊዜ ሲጨመር ፈዛዛው ቢጫ መጀመሪያ ጠፍቶ ብጥብጡ ንጹሕ ውሃ መሰለ። ጥቂት ቆይቶ ከሥር ግራጫ ጥላ ተነሣ፣ ጠቆረ፣ ከዚያም ጥቁር ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ዞረ፤ ሐምራዊው ቀስ እያለ ጠርቶ እንደ ከርከዴ ሻይ ደማቅ ቀይ ሆነ። ቀለሙ መለወጥ ካቆመ በኋላም ሙቀቱን ወዲያው አላጠፋሁትም፤ ያልተቀነሰ ወርቅ ቢቀር በኋላ ሥራውን ስለሚረብሽ ሌላ ሩብ ሰዓት ፈልቶ፣ ማማሰያው እየዞረ እንዲቀዘቅዝ ተውኩት። ከዚያም በጥቁር ጠርሙስ ተገልብጦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ። በረዶ መሥራት የለበትም፤ ውሃው ሲረጋ ቅንጣቶቹ ተጨፍልቀው ይያያዛሉና በኋላ ቢቀልጥም ወደ ቀይነቱ አይመለስም።

በስፔክትሮፎቶሜትር (የብርሃን መምጠጥን በሚለካው መሣሪያ) ስለካው ከፍተኛው የብርሃን መምጠጫ 520 ናኖሜትር ላይ ቆመ፤ ይህም ዲያሜትራቸው 13 ናኖሜትር ገደማ ከሆኑ ቅንጣቶች የሚጠበቅ ነው። በአራት እጥፍ አቅጥኜ ሳነበው 0.81 አሳየ። ለዚህ መጠን ያለው የመምጠጥ ኮፊሸንት 2.7 ሲባዛ በ100 ሚሊዮን ስለሆነ፣ የተቀጠነው 3 ናኖሞላር፣ ዋናው ብጥብጥ ደግሞ 12 ናኖሞላር ይሆናል። ይህን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል፤ በአንድ ባለ 13 ናኖሜትር ቅንጣት ውስጥ 68 ሺህ ያህል የወርቅ አቶሞች ስላሉ፣ ያስገባሁትን ወርቅ ለዚህ ሳካፍለው ወደ 13 ናኖሞላር ይጠጋል። ሁለቱ ስሌቶች መቀራረባቸው ወርቁ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ መቀነሱን ያሳያል።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ላስፍር፤ «የወርቅ ምርመራ» ሲባል የሚሰማ ሁሉ ዋጋውን ይፈራል። አንድ ግራም የወርቅ ጨው ከ2.5 ሊትር በላይ ዋና ብጥብጥ ያወጣል፤ ለአንድ ናሙና 100 ማይክሮሊትር ብቻ ስለሚበቃ፣ ከአንድ ግራም ከ20 ሺህ በላይ ምርመራ ይወጣል። ወጪው ያለው ወርቁ ላይ ሳይሆን ዲኤንኤው፣ በተለይም በኋላ እንደምመለስበት፣ ወተቱን ማጽዳቱ ላይ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ጨውና ፈትል

የዘዴው ሐሳብ እንዲህ ነው። ቅንጣቶቹ ተራርቀው ሲገኙ ቀይ፣ ተጠጋግተው ሲያያዙ ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ምክንያቱም በወርቁ ገጽ ላይ አብረው የሚወዛወዙት ኤሌክትሮኖች ከጎረቤት ቅንጣት ኤሌክትሮኖች ጋር ሲተሳሰሩ የሚመጥጡት ብርሃን ከ520 ወደ 600ና 700 ናኖሜትር ይሸጋገራል። የገበታ ጨው ሲጨመር የሲትሬቱ ሙል ስለሚሸፈን ቅንጣቶቹ መገፋፋታቸውን ያቆማሉ። ነጠላ የዲኤንኤ ፈትል ቀድሞ ከገባ ግን፣ ናይትሮጅን ያላቸው ቤዞቹ (የዲኤንኤው «ፊደላት») በወርቁ ላይ ተለጥፈው፣ ፎስፌቶቹን ወደ ውጭ አድርገው ቅንጣቱን ከጨው ይጠብቁታል። ፈትሉ አፕታመር ከሆነ፣ ማለትም አንድን ሞለኪውል ለይቶ እንዲይዝ የተመረጠ ከሆነ፣ መድኃኒቱን ሲያገኝ በእሱ ዙሪያ ይታጠፍና ወርቁን ይተወዋል። ጥበቃውን ያጣው ወርቅ በጨው ይያያዛል። እንግዲህ ቀይ ከሆነ መድኃኒት የለም፣ ሰማያዊ ከሆነ አለ ማለት ነው።

እንዲህ ያሉ ፈትሎችን የመምረጫው ዘዴ የታተመው በ1990 ሲሆን፣ ለኦክሲቴትራሳይክሊን የተመረጠው ባለ 76 ቤዝ አፕታመር በ2008 ወጥቷል። የእኔም ፈትል ይኸው ነው።

መጀመሪያ የጨውን ደፍ ፈለግኩ። በተቀጠነው ወርቅ ላይ የጨውን መጠን ከፍ እያደረግኩ ስሄድ እስከ 30 ሚሊሞላር ድረስ ቀዩ ጸና፣ 40 ላይ ሐምራዊነት ታየ፣ 60 ላይ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ። ለንባብ የምጠቀመው በ650 እና በ520 ናኖሜትር ያለውን የመምጠጥ ንጽጽር ነው፤ ለቀዩ ወርቅ ከ0.1 ብዙም አይርቅም፣ ለሰማያዊው ወደ 1 ይጠጋል። ቀጥሎ በ60 ሚሊሞላር ጨው ፊት ወርቁን ቀይ ለማቆየት የሚያስፈልገውን አነስተኛ የፈትል መጠን ፈለግኩ። እዚህ ላይ ለጋስ መሆን ጉዳት አለው፤ ፈትሉ ከሚያስፈልገው በላይ ከሆነ መድኃኒቱ የተወሰነውን ቢወስድም የቀረው ወርቁን መጠበቁን ስለሚቀጥል፣ ዝቅተኛው መጠን ሳይታይ ያልፋል። ስለዚህ የመረጥኩት ወርቁ ገና ቀይ ሆኖ የሚቆምበትን የመጨረሻ ጠርዝ ነው።

ኅዳር መጀመሪያ፦ ቀለሙን ማን እንደ ለወጠው

የዚህ ሥራ ዋናው ጥያቄ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ወርቁ ሰማያዊ መሆኑን ማንም ያያል፤ ሰማያዊ ያደረገው አፕታመሩ መድኃኒቱን ስለያዘ መሆኑን ግን ዓይን አይነግረንም።

ዘዴውን ለመፈተሽ ካናማይሲን በተባለ ሌላ አንቲባዮቲክ ጀመርኩ፤ አፕታመሩ 21 ቤዝ ብቻ ስለሆነ ርካሽ ነው፣ የአውሮፓ ኅብረት ለወተት ያስቀመጠው ጣሪያም በኪሎ 150 ማይክሮግራም ስለሆነ ወደ 310 ናኖሞላር ይመጣል። ከአፕታመሩ ጋር የጠበቅኩት ሰማያዊ መጣ። ከዚያ ምንም ፈትል በሌለበት፣ ምንም ጨው ሳልጨምር፣ ካናማይሲኑን ብቻ በወርቁ ላይ ጨመርኩ። መጠኑ ከፍ ሲል ይህኛውም ሰማያዊ ሆነ። ምክንያቱ የመድኃኒቱ አሠራር ነው፤ ካናማይሲን በርካታ የአሚን ቡድኖች አሉት፣ በገለልተኛ ፒኤች አዎንታዊ ሙል ይይዛሉ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት አሉታዊ ቅንጣቶችን ይዘው ያገናኛሉ። ስለዚህ የሚታየው ቀለም የአፕታመሩ ምስክርነት ነው ብሎ ለመናገር፣ ፈትል የሌለበት ማነጻጸሪያ በየመጠኑ ጎን ለጎን መቆም አለበት። በዚህ ርዕስ ላይ የሚወጡ ብዙ ሥራዎች ከዚህ ማነጻጸሪያ ሳይጀምሩ ወደ ናሙና መሮጣቸው ያሳዝነኛል፤ ሰው ሊጠጣው የሚችለውን ወተት ንጹሕ ነው ወይም አይደለም የሚል መሣሪያ፣ ለምን እንዲህ እንዳለ ማስረዳት አለበት።

ኦክሲቴትራሳይክሊን እንደ ካናማይሲን ብዙ አሚን የለውም፤ ያለ ጨው ወርቁን አላያያዘም። ይህ ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም ሁለተኛ ማነጻጸሪያ ያስፈልግ ነበር፤ ተመሳሳይ ርዝመትና ተመሳሳይ ቤዞች ያሉት፣ ቅደም ተከተሉ ግን የተዘበራረቀ ፈትል። መድኃኒቱ በማይክሮሞላር ደረጃ ሲጨመር የተዘበራረቀውም ፈትል ወርቁን በከፊል ለቀቀ፤ ይህም መድኃኒቱ ራሱ በወርቁ ገጽ ላይ ቦታ እየተሻማ ፈትሉን እንደሚያስነሣ ያመለክታል። በ200 ናኖሞላር አካባቢ ግን የተዘበራረቀው ወርቁን ቀይ አድርጎ ጠበቀ፣ አፕታመሩ ደግሞ ወደ ሐምራዊ ዞረ። ከዚህ በኋላ የምመዘግበው ውጤት የአፕታመሩን ንባብ ሳይሆን፣ ከአፕታመሩ ንባብ ላይ የተዘበራረቀው ንባብ ተቀንሶ የሚቀረውን ልዩነት ነው። ቁጥሩ ያንሳል፤ ትርጉሙ ግን ይታወቃል።

ሌላም ጉዳይ አለ። የአፕታመር ሥራን የሚያወድሱ ጽሑፎች አንዱን መድኃኒት ከዘመዱ የመለየት ብቃቱን እንደ ትልቅ ጸጋ ያነሣሉ። የኮዴክስ ጣሪያ ግን ለኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ለክሎርቴትራሳይክሊንና ለቴትራሳይክሊን በአንድነት የተቀመጠ ነው፤ ለየብቻም ይሁን ተደምረው ከ100 ማይክሮግራም ማለፍ የለባቸውም። ኦክሲውን ብቻ የሚያይ ምርመራ ክሎርቴትራሳይክሊን ያለበትን ወተት ንጹሕ ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰሌዳ (ናሙናዎቹ የሚገቡባቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት) ላይ ሁለቱን ዘመዶች ጨምሬ የአፕታመሩን ምላሽ እመዘግባለሁ፤ ምላሹ ደካማ መሆኑ እስካሁን ግልጽ ነው፣ ይህም ዘዴው ለኦክሲቴትራሳይክሊን ብቻ እንደሚያገለግል በውጤቱ ወረቀት ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ያስገድዳል።

አንድ የአያያዝ ነገር፦ የመድኃኒቱ ብጥብጥ በብርሃን ይበላሻል። ጠርሙሱ በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ የሥራ ብጥብጡም በየጠዋቱ አዲስ ይዘጋጃል።

ኅዳር አጋማሽ፦ ወተቱ

ወተት ሳይጸዳ ወርቅ ላይ ቢጨመር ከሁለት ተቃራኒ ነገሮች አንዱ ይደርሳል። ፕሮቲኖቹ ወርቁን ካለበሱት ምንም ያህል ጨው ቢጨመር ቀይ ሆኖ ይቀራል፣ መድኃኒት ያለበት ወተት ንጹሕ ይመስላል። ካልሲየሙ ካሸነፈ ደግሞ ወርቁ መድኃኒት ሳይኖርም ይያያዛል። በአንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ 1.2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ፤ ይህ 30 ሚሊሞላር ነው፣ ሁለት ሙል ያለው አዮን በመሆኑም ከገበታ ጨው እጅግ ባነሰ መጠን ወርቁን ያያይዛል።

መጀመሪያ ወተቱን በቀዝቃዛ ሴንትሪፊዩጅ አዙሬ ከላይ የተንሳፈፈውን ስብ አነሣሁ። ከዚያ በአሴቲክ አሲድ ፒኤቹን ወደ 4.6 አወረድኩት፤ ኬዚኑ (ዋናው የወተት ፕሮቲን) ረጋ፣ ከላዩ ጠራ ያለ አጓት ቀረ። ይህን አጣርቼ ወደ ገለልተኛ መልሼ ወርቁ ላይ ስጨምረው፣ ጨው ባበዛም ቀዩ አልተነቃነቀም። የአጓት ፕሮቲኖች በ4.6 አይረጉምና ወርቁን አልብሰውታል። በትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ግን እነሱም ጭምር ረግተው ወረዱ። ይኸኛው አሲድ ሌላ ችግር ይዞ መጣ፤ ከወተቱ ካልሲየም ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከኬዚኑ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ሲሆን፣ አሲዱ ይህንንም ያሟሟዋል። ፈሳሹን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ በጠብታ ወደ 7 ስመልሰው፣ ንጹሕ የነበረው ፈሳሽ በቱቦው ግርጌ ነጭ ደመና አበቀለ፤ ካልሲየም ፎስፌት ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን ደግሞ ካልሲየምን አጥብቆ የሚይዝ መድኃኒት ነው። ደመናው በሴንትሪፊዩጅ ሲወርድ መድኃኒቱንም ይዞ እንደሚወርድ ለማየት፣ በአንዱ ቱቦ መድኃኒቱን ከማጽዳቱ በፊት፣ በሌላው ከማጽዳቱ በኋላ ጨመርኩ። ቀድሞ የተጨመረበት ቱቦ ያሳየው ምልክት በግልጽ ያነሰ ነበር። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው የጸዳ ወተት ላይ መድኃኒት ጨምሮ ቢለካ መልካም ውጤት ያገኛል፤ መድኃኒቱ ከላሟ ጀምሮ ወተቱ ውስጥ ካለ ግን ከፊሉ ነጩ ዝቃጭ ውስጥ ይቀርበታል።

በዚህ ሳምንት ናሙና ለመቀበል ሱሉልታ ሄጄ ነበር። ላሞቻቸውን ራሳቸው የሚያልቡ አንዲት እናት የናሙናውን ጠርሙስ እየሞሉልኝ፣ «ልጄ፣ እኛ እኮ ሳናፈላ አንጠጣም፤ መድኃኒቱ በእሳት አይጠፋም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «አይ እናቴ፣ ማፍላቱ ጀርሙን ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ የሚቀንሰው በከፊል ነው» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው ለጥጃውም መስጠት የለብንማ» አሉ። ይህ ጥያቄ ከብዙ ሰው የሚመጣ ስለሆነ እዚህ አስፍሬዋለሁ፤ የእርሳቸው የኋለኛ ሐሳብም ልክ ነው፣ ቅሪት ያለበት ወተት የጥጃውንም አንጀት ባክቴሪያ ለመድኃኒቱ ያለማምዳል።

ኅዳር መጨረሻ፦ የማጽጃው መንገድ

ካልሲየሙን ለማሸነፍ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው ማቅጠን ነው፤ ጣሪያው 217 ናኖሞላር ስለሆነ፣ ወርቁ 25 ናኖሞላርን ማየት ከቻለ ናሙናውን ስምንት እጥፍ ማቅጠን ይቻላል፣ ካልሲየሙም ከ4 ሚሊሞላር በታች ይወርዳል። ሞከርኩት፤ ይህም ቢሆን የተቀረው ካልሲየም ንባቡን ከላም ላም ያወዛውዘዋል፣ የጣሪያው ንባብ ከመድኃኒት አልባው ወተት ንባብ በበቂ አይለይም።

ሁለተኛው ለቴትራሳይክሊኖች የተለመደው መንገድ ነው። ወተቱ ኢዲቲኤ በተጨመረበት ማክልቬይን በፈር፣ ማለትም በሲትሬትና በፎስፌት በፈር (ፒኤቹን ሳይለዋወጥ በሚያቆይ ብጥብጥ) ይመታል፤ ኢዲቲኤው ካልሲየሙን ስለሚይዝ መድኃኒቱ ነጻ ይወጣል። ከዚያ ፕሮቲኑ በሴንትሪፊዩጅ ወርዶ፣ ፈሳሹ በማጣሪያ ካርትሪጅ ውስጥ ያልፋል። መድኃኒቱ ካርትሪጁ ላይ ይቀራል፣ ጨዎቹና ኢዲቲኤው በውሃ ታጥበው ይወጣሉ፣ በመጨረሻ መድኃኒቱ በሜታኖል ይወርዳል። ኢዲቲኤው ሙሉ በሙሉ መታጠብ አለበት፤ አፕታመሩ መድኃኒቱን ለመያዝ ማግኒዥየም ያስፈልገዋልና ኢዲቲኤ ከቀረ ማግኒዥየሙን ይሰርቀዋል። ሜታኖሉ በ40 ዲግሪ በናይትሮጅን ጋዝ ሥር እንዲተን ይደረጋል፤ 5 ሚሊ ሊትር ወተት ወደ 1 ሚሊ ሊትር በፈር ስለሚሰበሰብ መድኃኒቱ አምስት እጥፍ ይጎላል።

በዚህ መንገድ ቀድሞ ከተጨመረው መድኃኒት ሦስት አራተኛ ያህሉ ተመልሶ ተገኘ፣ ጠዋት የታለበና ማታ የታለበ ወተትም የተቀራረበ ንባብ ሰጡ። ማግኒዥየም ወርቁን ስለሚያያይዝ አፕታመሩና ናሙናው መጀመሪያ ለብቻቸው በትንሽ መጠን ተገናኝተው ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ፤ ወርቁ ኋላ ይገባል፣ ጨውም ከሁሉ መጨረሻ። የቀለሙ ንባብ ጨው ከገባ በኋላ በአምስት ደቂቃ ይወሰዳል። ይህ ጊዜ መጠበቅ አለበት፤ መያያዙ ስለማይቆም፣ ዘግይቶ የተነበበ ሰሌዳ ሁሉ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ወርቁ በደቂቃዎች ይናገራል፣ ወተቱን ለእሱ ማዘጋጀት ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል። ካርትሪጅና ናይትሮጅን የሚፈልግ ምርመራ በወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ በር ላይ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ በአሁኑ መልኩ ሥራው የሚያገለግለው ማስ ስፔክትሮሜትር ለሌለው፣ ግን ሴንትሪፊዩጅና ስፔክትሮፎቶሜትር ላለው የክልል ቤተ ሙከራ ነው። ብዙ ናሙና አጥርቶ አጠራጣሪዎቹን ብቻ ወደ ትልቁ መሣሪያ ለመላክ ይበቃል፤ ይህም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም።

ታኅሣሥ፦ ከታከመች ላም

የነቢያት ጾም ከገባ ወዲህ የወተት ገበያው ስለቀዘቀዘ አርቢዎቹ ወተቱን እየናጡ ቅቤ ያወጣሉ፣ ከአሬራውም አይብ ያዘጋጃሉ። ኦክሲቴትራሳይክሊን ስብ ወዳድ ስላልሆነ ከቅቤው ይልቅ ወደ አሬራው ያደላል፤ ካልሲየምና ኬዚን ስለሚይዙት ደግሞ አይቡ ውስጥ ሊከማች ይችላል። አይብን የማውጣቱ ዘዴ ከወተት የተለየ ስለሆነ ለብቻው የሚጠና ነው።

ጾሙ ሌላ ዕድል ሰጠን። አንድ የእንስሳት ሐኪም ለጡት በሽታ ባለ 20 በመቶውን መርፌ የወጋት ድቅል ላም ባለቤት፣ ወተቷን ለብቻ እያለበ በየቀኑ ናሙና ሊሰጠን ፈቀደ። መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ከዚያችው ላም የተወሰደ ወተት ስላለን፣ የማነጻጸሪያው መስመር የተሠመረው በእሷው ንጹሕ ወተት ላይ መድኃኒት ተጨምሮ ነው። የጡት በሽታ የወተቱን ጨውና ፕሮቲን ስለሚለውጥ፣ የጤነኛ ላም ወተት ለዚህ ናሙና እውነተኛ ማነጻጸሪያ አይሆንም ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተወሰዱት ናሙናዎች በአፕታመሩ ጉድጓድ ሙሉ ሰማያዊ ሆኑ፤ በተዘበራረቀው ፈትል ጉድጓድም ሐምራዊነት ታየ፣ መጠኑ በጣም ከፍተኛ መሆኑን ያመለክታል። እነዚህን በበፈር አቅጥኜ ስደግማቸው የተዘበራረቀው ወደ ቀይ ተመለሰ፣ አፕታመሩ ሰማያዊነቱን ጠበቀ። ቀናቱ ሲገፉ ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ንባቡ ከጣሪያው መስመር በታች ወረደ፣ ካለቀ በኋላ ከመድኃኒት አልባው ወተት መለየት አልቻልኩም። ከጣሪያው መስመር በቅርብ ርቀት ላይ የወደቁት ናሙናዎች ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳስቡኛል፤ እዚያ ላይ በአንዱ ሰሌዳና በሌላው መካከል ያለው መዋዠቅ ከጣሪያው በላይና በታች ያለውን ይቀላቅላል። ስለዚህ የማሳለፊያውን መስመር 100 ላይ ሳይሆን ከእሱ ዝቅ አድርጌ 60 ማይክሮግራም ላይ አስቀምጫለሁ፤ ከዚህ በላይ ያነበበ ሁሉ «አጠራጣሪ» ተብሎ ይመዘገባል። አንዳንድ ንጹሕ ወተት በከንቱ ሊጠረጠር ይችላል፤ ያ ግን በድጋሚ ምርመራ ይስተካከላል።

ከእያንዳንዱ ቀን ናሙና ግማሹ ስሙ ሳይጻፍበት፣ በቁጥር ብቻ ተለይቶ፣ በሊኩዊድ ክሮማቶግራፊና ማስ ስፔክትሮሜትር እንዲለካ ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ ተልኳል። የቀረው ግማሽ በጨለማ፣ በጥልቅ ማቀዝቀዣ ተቀምጧል። የእነሱ ቁጥር ሲመጣ ከእኔ ንባብ ጋር ጎን ለጎን እዚሁ ማስታወሻ ላይ ይሰፍራል፤ ልዩነቱ ከ30 ማይክሮግራም በላይ የሆነበት ናሙና ካለም ከተቀመጠው ግማሽ ተወስዶ ከካርትሪጁ ጀምሮ እንደ አዲስ ይሠራል።